የበረዶው ባልዲ

እስቲ መልሱልኝ፤ እውነት ተናግራችሁ «ቆሻሻ ነው» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ያላችሁ ሰውስ ውሎ አድሮ ከሰው ሁሉ መርጣችሁ የምትወዱት ሆኖ ያውቃል? ካላወቀ እድለኞች ናችሁ። ካወቀ ግን ጠጋ በሉ፤ ይህ የእናንተም ታሪክ ነው። ፍቅር ሁልጊዜ በፈገግታ ይጀምራል ብሎ ያስተማረን ማን ይሆን? ይሄኛው በንዴት ነው የጀመረው። ንዴቱም እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ፍቅሩም እንደዚያው።

እሷ የባሕር ተመራማሪ ናት። የምርምር ማዕከሉ ሰዎች «መብረቅ» ነው የሚሏት፤ ስትቆጣ ድምፁ ሳይሰማ ብልጭታው ይቀድማልና። ሥራዋ የባሕረ ሰላጤውን ትኩሳት መለካት ነው። ከውሃው ፊት እስከ ወለሉ በተዘረጋ ገመድ ላይ የሙቀት መለኪያዎች በየደረጃው አስራለች፤ እነሱም ያነበቡትን በኬብል ወደ ማዕከሉ ይልካሉ። ጊዜያቸው ሲደርስ በጀልባ ሄዳ ታወጣቸዋለች፣ ታጸዳቸዋለች፣ ትፈትሻቸዋለች፣ በቦታቸው ሌላ ትተካለች። መዳፏ ሁልጊዜ በገመድ የተላጠ ነው። ዶክትሬት አላት፣ ጥፍር ግን የላትም ብለው ይቀልዱባታል።

አንድ ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት፣ ከወለሉ አጠገብ ያለው የታችኛው መለኪያ የላከው ንባብ በሙሉ በቀይ ተሰርዞ አገኘችው። ከጎኑ አጭር ማስታወሻ አለ፦ «መለኪያው በዛጎል ተሸፍኗል፤ ንባቡ አይታመንም።»

የጻፈው ላይኛው ፎቅ የገባው አዲሱ የዳታ አጣሪ ነው። «ወንፊት» ይሉታል፤ ከባሕሩ የሚመጣ ቁጥር ሁሉ በእሱ በኩል ተነፍቶ ነው የሚያልፈው። ስሙን ሰምታለች፤ መልኩን አታውቀውም። መለኪያውን ግን ታውቀዋለች። ትናንት በገዛ እጇ ከባሕር አውጥታ፣ ሌላ ተክታ፣ አሁን ጠረጴዛዋ ላይ ተጋድሟል። እንደ ታጠበ ማንኪያ ያበራል። ዛጎል ቀርቶ የዛጎል ጥላ አላረፈበትም።

ባልዲ አነሣች፣ በረዶ ሞላችበት፣ ንጹሕ ውሃ ጨመረችበት፣ መለኪያውን ነከረች፣ ደረጃውን ወጣች። በሩን አላንኳኳችም። ባልዲውን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ውሃው ፈንጥቆ የሰውየውን ሸሚዝ አራሰው።

«እርስዎ... ማን ነዎት?» አለ ብድግ ብሎ። ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ የረሳ ሰው ነው።

«ቆሻሻዋ።»

«ይቅርታ፣ እኔ ሰው ቆሻሻ አላልኩም። ስለ መለኪያ ነው የጻፍኩት።»

«መለኪያው ይኸው። አንብበው።»

በዚህ ሙያ ውስጥ እንደ በረዶ ባልዲ ያለ ሐቀኛ ዳኛ የለም። በረዶና ውሃ ተደባልቀው ባሉበት ባልዲ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ዜሮ ማንበብ አለበት። ዜሮ ካላለ መለኪያው ውሸታም ነው። ዜሮ ካለ ግን ውሸታሙ ሌላ ነው። ታዲያ መለኪያው ገና ከክፍሉ ሙቀት ስለገባ ቁጥሩ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ውሃውንም ማማሰል ያስፈልጋል። እሷም በባዶ እጇ ማማሰል ጀመረች። ጣቶቿ መጀመሪያ ቀሉ፣ ቀጥሎ ነጡ።

ሰውየው ቁጥሩን ማየት ትቶ እጇን ማየት ጀመረ። ከዚያ ሳትጠይቀው እጅጌውን ሰበሰበና እጁን ባልዲው ውስጥ ከተተ።

«እጅዎ ደነዘዘ እኮ። እርስዎ ያውጡ፣ እኔ ላማስል።»

«ደንዝዞ ያውቃል፤ ለምዶታል።»

«የእኔ አልለመደም፤ ይልመድ።»

ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ዜሮ ላይ ቆመ። ሁለቱም አዩት። እሷ የጠበቀችው ክርክር ነበር፤ ሰበብ፣ መሸሻ፣ «ይሁንና» የሚል ቃል። ለዚያ የሚሆን ስድብ ደረጃው ላይ ስትወጣ አዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን መነጽሩን አወለቀና፣ ጥፋቱ የወንፊቱ ነው፣ ወንፊቱን የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ አለ። የተዘጋጀው ስድብ ሁሉ አፏ ውስጥ ቀረ። መብረቅ የምትመታው ዛፍ አጣች።

ወንፊቱ ምን መሰላችሁ? ያለፉት ሠላሳ ዓመታት የባሕሩን ቁጥር ይዞ፣ ከዚያ እጅግ የራቀ ንባብ ሲመጣ «ስህተት» ብሎ የሚጥል ፕሮግራም ነው። ባሕሩ ሠላሳ ዓመት ያላደረገውን ሲያደርግ፣ ወንፊቱ ባሕሩን ውሸታም ይለዋል። እኛስ? አይተን የማናውቀውን መከራ የምትናገር ሴት ስናገኝ የምናደርገው ይህንኑ አይደለም? «እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም፤ ስለዚህ አልሆነም።» ለዚህ ፕሮግራም አያስፈልገንም፤ ተፈጥሮብናል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓታቸውን አብረው ሆኑ። እሱ ወንፊቱን ፈታታው፤ እሷ ባሕሩ ምን ማድረግ እንደሚችል እያስረዳችው እንደገና ሠሩት። የማዕከሉ ሰዎች ማሾፍ አላቃታቸውም። ከመብረቅ ጋር የሚውል ሰው ጎማ ጫማ ያድርግ አሉት። እሱም በማግስቱ እውነትም የጎማ ቦት አድርጎ ወደ ሥራ ክፍሏ ወረደ፤ ፊቱ ላይ የሳቅ ምልክት ሳይኖር። እሷ ፊቷን ወደ ገመዶቹ አዙራ ብቻዋን ሳቀች። «እርስዎ» ማለቱን ግን አልተወም። ገመድ ሲያቀብላት «እርስዎ»፣ ስትቆጣው «እርስዎ»። ሴትየዋን አስረጃት።

አንድ ከሰዓት በኋላ በጀልባ እንሂድ ስትለው ጀልባ ማቆሚያው ድረስ ተከተላት። እዚያ ሲደርስ ቆመ። ጀልባው ገና ታስሮ ነው ያለው፤ ውሃውም ጸጥ ብሏል። የሰውየው ፊት ግን አረንጓዴ ሆኗል።

«አትለኝም» አለች። «የባሕር ተመራማሪ ባሕር ይፈራል?»

«የልብ ሐኪም ሁሉ አፍቅሮ ያውቃል እንዴ?»

ከእሷ የወጣው ነገር ሳቅ ነበር፤ ከሆዷ የተነሣ፣ ባሕር ወፎቹን ያስበረገገ ሳቅ። እሱ ምሰሶውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀና ብሎ አያት።

«አንቺ... ትስቂያለሽ ለካ» አለ።

«አንቺ» አለ። ሁለቱም ሰሙት። እሱ ሊያርመው አፉን ከፈተ፤ እሷ ጣቷን ከንፈሩ ላይ አደረገች። ጣቷ ጨው ጨው ይላል። ወደ ባሕር አልሄዱም ያን ቀን።

አሁን ወደ ንዴቱ ልመልሳችሁ።

አዲሱ ወንፊት ሥራ ሲጀምር የተሰረዘው ንባብ ሁሉ ተመለሰ፤ የታየውም ጥሩ አልነበረም። በዚያ ዓመት ዝናቡ በርትቶ ወንዙ ብዙ ውሃ ወደ ባሕረ ሰላጤው አፍስሷል። የወንዝ ውሃ ጨው ስለሌለው ቀላል ነው፤ ከባሕሩ ውሃ በላይ እንደ ክዳን ይተኛል። ክዳኑ ቀዝቃዛ ነው። ከሥሩ ግን ጨዋማው ውሃ ሙቀቱን እንደያዘ ታፍኖ ቀርቷል፤ በየሳምንቱም ይብስበታል። ሞቃት ውሃ ኦክስጅን አይበረክትለትም፤ የታፈነ ሲሆን ደግሞ ከአየር አዲስ አያገኝም። ሳተላይት ይህን አያይም። ሳተላይት የሚያየው የባሕሩን ቆዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ከላይ በሚመጣው ካርታ ላይ ባሕረ ሰላጤው ሰማያዊ፣ ቀዝቃዛ፣ ጤነኛ ነው። ከታች ይነዳል።

ከየብስ የሚነሣው ነፋስ ሲመጣ ክዳኑን ገፍቶ ይወስደዋል፤ የታፈነው ውሃም ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ መካከል ላይ ደግሞ ተንሳፋፊ መረቦች ተዘርግተዋል፤ በመረቦቹ ውስጥ ዓሣ ይረባል፤ ዓሣውን ከሚያረቡት አንዱ የእሷ ታላቅ ወንድም ነው።

ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ ያሳደጋት እሱ ነው። «ጋሼ» ትለዋለች። ወደ ትምህርት ሲልካት አንድ ነገር ብቻ ነው የለመናት፦ ባሕሩ ምን እንደሚያስብ ተምረሽ ንገሪኝ።

መረቦቹን ለማዳን መንገድ ነበር። ነፋሱ ሳይመጣ በጀልባ ጎትቶ ወደ ባሕረ ሰላጤው አፍ፣ ውሃው ወደሚንቀሳቀስበት መውሰድ ነው። ይህ የብዙ ጀልባና የብዙ ሰው ሥራ ነው። ሁለቱ ፍቅረኞች ማስጠንቀቂያውን አርቅቀው ለማዕከሉ ኃላፊ አቀረቡ። ኃላፊው ካነበበ በኋላ አስቀመጠው። በቴሌቪዥን ቀርቦ ባሕራችን ዘንድሮ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ከተናገረ ሳምንት አልሞላውም ነበር። አንድ መለኪያ ምስክር አይሆንም አለ፤ ከባሕረ ሰላጤው አፍ ወዲያ፣ በመርከብ የቀናት መንገድ ላይ ሌላ ብቻውን የተተከለ መለኪያ አለ፣ እሱ ይውጣ፤ አጣሪው ራሱ በመርከብ ሄዶ ያምጣው። ባሕር የሚፈራውን ሰው ለምን እንደመረጠ መጠየቅ አያስፈልግም። እምቢ ይላል ብሎ ነው።

እምቢ አላለም።

መብረቅ ወደብ ድረስ ሸኘችው። ደህና ግባ ስትለው ዓይኗን አላያትም። አንገቱን ደፍቶ ጉንጯን ሳማትና መሰላሉን ወጣ።

በእነዚያ ቀናት ወንድሟ ደወለላት።

«እቴ፣ ውሃው እንዴት ነው? ዓሣዎቹ መብላት ቀንሰዋል።»

እዚህ ላይ የሙያውን ሕግ ማወቅ አለባችሁ። የባሕር ማስጠንቀቂያ ለሁሉም እኩል በአንድ መግለጫ ይወጣል፤ ከዚያ በፊት ለዘመድ መንገር ነውር ነው። ለአንዱ ሹክ ብለህ ሌላውን ካስቀረህ ነገ የሚያምንህ የለም። እሷ በዚህ ሕግ ታምናለች። መግለጫው ዓርብ ይወጣል፣ እሱን ጠብቅ አለችው።

«አንቺ ጠብቅ ካልሽኝ እጠብቃለሁ» አላት። ስልኩን ዘጋ።

ዓርብ ረፋድ ላይ መግለጫው ወጣ። እንዲህ ይላል፦ «ባሕረ ሰላጤው እንደወትሮው ቀዝቃዛ ነው። የታችኛው መለኪያ በዛጎል ተሸፍኗል፤ ንባቡ አይታመንም።» ከሥሩ የአጣሪው ስም አለ። የእሱ ስም።

ቆማ አነበበችው። ተቀምጣ አነበበችው። ያ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቃል በቃል ያው። ያኔ በባልዲ የሰበረችው ዓረፍተ ነገር። ከመሄዱ በፊት ፈርሞ ነው የሄደው ማለት ነው። ለዚህ ነው ወደብ ላይ ዓይኗን ማየት ያቃተው። እጁን በረዶ ውስጥ የከተተው ሰው፣ ኃላፊው ዓይኑን ሲያፈጥበት ሟሟ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ደግሞ የተጻፈውን ማን ያሸዋል?

ሮጣ ወንድሟ ዘንድ ስትደርስ ነፋሱ ጀርባዋን እየገፋ ነበር። ከየብስ ወደ ባሕር። መጥቷል።

ወንድሟ መግለጫውን አንብቦ ምናልባት ብሎ የተዋሳቸውን ጀልባዎች ለጎረቤት መልሶ፣ ሰዎቹን አሰናብቶ ነበር። በቀረችው አንድ ጀልባ ገመድ አስረው ጎተቱ። መረቡ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ዓሣዎቹ ወደ ላይ መምጣት ጀመሩ። አፋቸውን ከውሃው አውጥተው አየር ይጎርሳሉ፤ ባሕሩ በሙሉ የሚንሾካሾክ መሰለ። ከሰዓት በኋላ ሹክሹክታው ጠፋ። ነጭ ሆድ በነጭ ሆድ ላይ ተኛ፤ ከመረብ እስከ መረብ።

«ቀዝቃዛ ነው አለ እኮ...» አለ ወንድሟ። ይህን ለማንም አይደለም ያለው። ቆይቶ ዞረ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ጋሼ።»

አልሰደባትም። ቢሰድባት ይሻል ነበር። ባለ እጀታውን መረብ አነሣና የሞተውን ዓሣ ማውጣት ጀመረ። እሷም ሌላ መረብ አነሣች። ጎን ለጎን ሆነው ሠሩ።

መርከቧ ስትመለስ ወደብ ላይ ቆማ ጠበቀች። ሰውየው ከመሰላሉ ወረደ፤ ከስቷል፣ ፊቱ አሁንም አረንጓዴ ነው፣ መለኪያውን በጃኬቱ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ሲያያት ፈገግ አለ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለችው።

ፈገግታው ደረቀ። «መጡ?»

«ጽሑፍዎን አነበብኩት። ቃል አልቀየሩም። የወንድሜም ዓሣ አንብቦታል።»

እሱ ማስረዳት ጀመረ፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች። ያን ጊዜ የሱም ቁጣ መጣ። ቀርፋፋ ሰው ሲቆጣ ከባድ ነው። አልተከተላትም። ከኋላዋ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ አለ፦

«ለመለኪያ እስኪረጋ ትጠብቂያለሽ። ለእኔ አንድ ደቂቃ መጠበቅ አቃተሽ?»

አልዞረችም። ቃሉ ግን ጀርባዋ ላይ ተሰክቶ አብሯት ሄደ። ሥራ ክፍሏ ገብታ ገመድ ስትቋጥር አለ፤ ወንድሟ ቤት ተቀምጣ ግድግዳ ስታይ አለ። ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት አይሆንም፤ ቂም ተይዞ ሥራም አይሆንም። የቋጠረችው ሁሉ ተፈታባት።

በማግስቱ የመርከቡ ካፒቴን ለጉዞው የተዋሰውን መንጠቆዋን ሊመልስላት መጣ። ሽማግሌ ነው፤ ወሬ ይወዳል። መንጠቆውን ሰጥቶ አልሄደም።

«ያ ሰውዬሽ እንዴት ነው?» አላት። «የሰው ሆድ ያን ያህል እንደሚይዝ አላውቅም ነበር። ስንሄድ አስታወከ፣ ስንመለስ አስታወከ። መለኪያውን ግን ከእጁ አላወረደም።»

ሰውዬዬ አይደለም አለችው። ካፒቴኑ ያልሰማ መሰለ። ዓርብ ዕለት መግለጫው በመርከቡ ሬዲዮ ሲነበብ ይሄ ሰው ከተኛበት ተስፈንጥሮ ተነሣ አላት። ስሙ ሲጠራ የሬዲዮውን ማይክ ነጠቀኝ፤ ውሸት ነው፣ እኔ አልጻፍኩም፣ መረባችሁን ጎትቱ እያለ በአካባቢው ላለ ጀልባ ሁሉ ጮኸ። የሰማ ጀልባ ግን አልነበረም፤ እኛ ሩቅ ነበርን፣ የጣቢያው ድምፅ እኛ ዘንድ ይደርሳል እንጂ የእኛ የብስ አይደርስም።

«ከዚያ ኃላፊያችሁን ሰደበው» አለ ካፒቴኑ፣ ድምፁ ውስጥ አክብሮት ነበር። «ዕድሜዬን በሙሉ ባሕር ላይ ስሳደብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን አዲስ ተማርኩ።»

ካፒቴኑ ሲሄድ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀመጠች። አሮጌውን ወንፊት አውጥታ መልሳ ጫነችው፣ የታችኛውን መለኪያ ንባብ አሳለፈችበት። ንባቡ ወዲያው በቀይ ተሰረዘ። ከጎኑም ያ ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩም ያ ስም ብቅ አለ። ማንም ሳይጽፈው። አሮጌው ወንፊት ሲመለስ አሮጌው ማስታወሻ ከነስሙ አብሮ ይነሣል፤ ማንም አላጠፋውም ነበርና። እሱ ከማወቁ በፊት የጻፈውን፣ እሱ ባሕር ላይ እያለ፣ ሌላ እጅ ከመቃብር ቆፍሮ አወጣው። እሷ ደግሞ፣ ተመራማሪዋ፣ ፈታሿ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ባልዲ የምታዘጋጀው፣ ይህን አንድ ነገር ሳትፈትሽ አመነች። ወንፊት ሆና ጣለችው።

ባልዲ አነሣች። በረዶ ሞላችበት።

የሚኖርበት የኪራይ ክፍል በሩ ገርበብ ብሏል። አልጋው ላይ ግማሽ የታጠፉ ልብሶች አሉ፤ ሻንጣ ተከፍቷል። እሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። በዚህ ጊዜ አንኳኳች። ባልዲውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችና እጇን እስከ አንጓዋ ነከረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ፤ ድምፁ አልላላም።

«እየረጋሁ ነው። ጠብቀኝ።»

ጣቶቿ ቀሉ። ካፒቴኑ ነገረኝ አለች። አሮጌውን ወንፊት ጫንኩት፣ አየሁት አለች። ጣቶቿ ነጡ።

«አልጠበቅኩህም» አለች። «ገመድ ላይ ከተሰቀለ ብረት አሳነስኩህ። ሂድ ብትለኝ እሄዳለሁ፤ ግን እጄ ሳይረጋ አልሄድም።»

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለ።

«ተናደድ። እኔም ተናድጃለሁ። በአንተ አይደለም።»

ከመስኮቱ መጣ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ እጁን ባልዲው ውስጥ ከተተና ጣቶቿን ፈልጎ ያዛቸው። በረዶው ውስጥ፣ በደነዘዘ እጅ፣ ማን የማንን እንደያዘ አይታወቅም።

«ወደብ ላይ ለምን ዓይኔን አላየኸኝም ነበር?» አለችው ቆይታ።

«ቀና ካልኩ ላስታውክብሽ ነበር።»

እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ሻንጣውን እሷ ዘጋችው፤ ባዶውን።

ዓሣ አርቢዎቹ በከተማው አዳራሽ ስብሰባ ጠሩ። ኃላፊው ሰማያዊውን ካርታ ትልቅ አድርጎ አሳትሞ መጣ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ካርታው ላይ እየጠቆመ፣ ሳተላይቱ እንደሚያሳየው እያለ ብዙ ተናገረ። ሁለቱ ከአዳራሹ ኋላ ተነሥተው ባልዲውን ይዘው ወደ ፊት መጡ። ከባሕረ ሰላጤው አፍ ወዲያ የመጣውን መለኪያ በሕዝቡ ፊት ነከሩት፤ ሁሉም ቆሞ ጠበቀ፤ ዜሮ አነበበ። ከዚያም ያ መለኪያ ባሕሩ ወለል ላይ ሳለ ያነበበውን እሷ ከፍ ባለ ድምፅ አነበበችላቸው። ከአፉ ወዲያ እንኳ የታችኛው ውሃ ከወትሮው ሞቋል፤ ከገመዷ የመጣው ንባብ እውነት ነበር።

ወንድሟ ተነሣ። ሲያወራ የማይጮህ ሰው ነው።

«እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አለ። «እኅቴ ጠብቅ አለችኝ፤ ሕጉን አክብራ ነው። ይሄ ልጅ ባሕር ላይ ነበር። ታዲያ አሮጌውን ወንፊት ማን መለሰው?»

ኃላፊው ጉዳዩ እየተጣራ ነው፣ ምላሹ በጽሑፍ ይደርሳችኋል አለና በጎን በር ወጣ። ካርታውን ረስቶት ሄደ።

እየተጣራ ነው! የሚያጣራውን ሰው፣ ወንፊትን፣ በማግስቱ ከሥራው አንሥተው ምድር ቤት መዝገብ ክፍል ከወረወሩት በኋላ ማን ነው የሚያጣራው? በጽሑፍ አሉ፤ ጽሑፉ እስከ ዛሬ አልደረሰም። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለውን አባባል የፈጠረ ሰው የሆነ ነገር የሚደብቅ ሰው መሆን አለበት።

ሆኖም ባሕሩን ማንም ምድር ቤት አላወረደውም። ወንድሟ አዲስ ጫጩት ዓሣ ሲያስገባ መረቡን ወደ ባሕረ ሰላጤው አፍ አዛወረው፤ የእኅቱን መለኪያ ከመረቡ ሥር አሰረ። ወንፊት ከሥራ በፊት በየጠዋቱ በጀልባ እየሄደ ያነበዋል። ዛሬም ፊቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ዛሬም ይሄዳል። ከዚያ ወደቡ ላይ በተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ፣ የላይኛውንም የታችኛውንም ቁጥር በኖራ ይጽፈዋል፤ አላፊ አግዳሚው፣ ዘመዱም ባዳውም እኩል እንዲያነበው። ወንድሟ አንድ ጠዋት ሰሌዳው ፊት ቆሞ ካነበበ በኋላ ትከሻዋን ያዝ አድርጎ፣ «ይኸው፣ ባሕሩ የሚያስበውን ነገርሽኝ» አላት። እሷም ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በእሱ ትከሻ ላይ ያለቀሰችው።

ሊጋቡ ነው። ሠርጉ እዚያው ወደብ ላይ፣ ከሰሌዳው ሥር ነው። መጥሪያ ሲጻፍ እሱ ለኃላፊው አያስፈልግም ብሎ ነበር። እሷ ግን ያስፈልጋል አለች፤ በገዛ እጇ ጻፈችና ቢሮው ድረስ ወስዳ፣ ሳታንኳኳ ገብታ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ባልዲ አልያዘችም። ከመጥሪያው በታች የጻፈችው ይህን ነው፦

«ወንበርዎ ከፊት ረድፍ ነው። ዓሣቸው የሞተባቸው ሁሉ ተጠርተዋል። ማይክ ይኖራል፤ ከሙሽሮቹ በፊት የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። አሮጌውን ወንፊት ማን መለሰው? በጽሑፍ አይደለም፣ በጎን በር አይደለም። በሰው ሁሉ ፊት፣ ቆመው ይመልሱ።»